የመኖ ቤታችን ይከፈትልን፦ ከጣና ዳር ዓሣ አርቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በክልላችን የዓሣ እርባታን ለምትመሩና ለምትቆጣጠሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ በዘንዘልማ በኩል ኩሬ ቆፍረን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የምናረባ ወጣቶች ነን። አሥራ አንድ ነን። ስድስት ኩሬ አለን። የታሸገውን የመኖ ቤታችንን ጉዳይ ሦስት ጊዜ በማኅተም ጽፈን አስገብተናል። ሦስቴም "መዝገብ ቤት ነው ያለው፣ ይመራላችኋል" ተባልን። እስከ ዛሬ እየተመራ ነው እንግዲህ። አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጻፍነው። ቅር እንዳትሰኙብን፣ ሌላ የምናንኳኳው በር ስላጣን ነው።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ በወረፋ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ሁለት ሰዎች በሞተር መጥተው መኖ የምናቀላቅልባትን የቆርቆሮ ቤት አሸጉ። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ "ያለ ፈቃድ መኖ ማምረት"። ቤቷ ውስጥ ያለው አንድ የሥጋ መፍጫ፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት በርሜል፣ አንድ ሸራና ጥቂት ጆንያ ፋጉሎ ነው። ፋብሪካ ካላችሁት ፋብሪካ ነው።

ለምን ራሳችን ማቀላቀል እንደጀመርን ግን ማንም አልጠየቀንም። እሱን ልንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሌማት ትሩፋት ሲባል ኩሬ ቆፍሩ አላችሁን፣ ቆፈርን። እጃችን እስኪላጥ ነው የቆፈርነው። የዓሣ ጫጩቶቹ ኩሬ በገቡበት ቀን ካሜራ መጣ፣ ኮፍያና ቲሸርት ታደለን፣ አንድ ኃላፊ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ከተው ፎቶ ተነሡ። አብሮ የመጣው እንክብል መኖ ለሁለት ዙር ያህል በቃ። ሦስተኛው ዙር አልመጣም። ስንጠይቅ "ከአቅራቢው ግዙ" ተባለ። አቅራቢው ያለው አዲስ አበባ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኖው መንገድ ላይ ይቀራል። ሲደርስም ዋጋው አይቀመስም። ዓሣ ማርባት ውስጥ ከግማሽ የማያንሰው ወጪ መኖ መሆኑን እናንተው ናችሁ በሥልጠና ላይ በስላይድ ያሳያችሁን።

አንድ ጊዜ አምስት ሳምንት ሙሉ ፍሩሽካ ብቻ አበላን። መረብ ስንጥል የወጣው ዓሣ ጭንቅላት ብቻ ነበር። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ገላው ቀጭን፣ ጀርባው እንደ ቢላዋ የሰላ። ከመሐላችን አንዱ "ይኼ ዓሣ ነው ወይስ ማንኪያ?" ብሎ አሳቀን። በልባችን ግን አልሳቅንም።

ቆሮሶ ከጫጩትነት አልፎ ወደ ገበያ እንዲያድግ ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። ጫጩቱ ደግሞ ከዚያም በላይ። ፍሩሽካ የዚያን ግማሽ ያህል ነው ያለው። ታዲያ ዙሪያችንን ስናይ ፕሮቲን ሞልቷል። የዘይት ጨማቂዎች ፋጉሎ አለ። አኩሪ አተር ከጃዊ በኩል ይመጣል። ከፎገራ የሩዝ መፈልፈያዎች ፍሩሽካ በየቀኑ ይወጣል። ግብጦ በጎጃም እንደ ልብ ነው። ዓሣ ገበያው ዳር ደግሞ ፔሊካኖች ተሰልፈው የሚጠብቁት ጭንቅላትና አንጀት አለ፤ ከአንድ ቆሮሶ ግማሹ እንኳ ለሥጋ አይውልም፣ የቀረው ይጣላል። ይህን ሁሉ እያዩ አዲስ አበባ መኪና መጠበቅ ምን ይሉታል?

ስለዚህ ቀመር ሠራን። ከመቶ ኪሎ 40 የኑግ ፋጉሎ፣ 25 የተቆላ አኩሪ አተር፣ 25 የሩዝና የስንዴ ፍሩሽካ፣ 8 ደርቆ የተፈጨ የዓሣ ተረፈ ምርት፣ 2 የስንዴ ዱቄት። ዱቄቱን እንደ አጥሚት አፍልተን ማጣበቂያ እናደርገዋለን፤ አለዚያ መኖው ውኃ ሲነካው ይበተናል፣ የሚበላውም ጭቃው ነው። ለውሰን በሥጋ መፍጫው እናወጣዋለን፣ በሸራ ላይ ጥላ ሥር እናደርቀዋለን። ስናሰላው 29 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን ይሰጣል። በወረቀት ማለታችን ነው። ላብራቶሪ ገብቶ አያውቅም፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

አኩሪ አተሩን የምንቆላው ለሽታ አይደለም። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለው፣ እሳት ነው የሚገድለው። ግብጦንም ሞክረናል፤ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ቆልተን፣ በጆንያ አስረን ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን ምሬቱን ካስለቀቅን በኋላ። የመጀመሪያውን ቀን ቸኩለን ሳይለቅ አበላን፤ ዓሣዎቹ አፋቸው አስገብተው መልሰው ተፉት። ዓሣም ምላስ አለው ለካ!

አሁን ወደ ሌላው ቅሬታችን። ነገሩ የሆነው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ታኅሣሥ የባሕር ዳር ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ቆሮሶ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ውኃው ከ20 ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ አቅሙም ይደክማል። አንድ ቀን ማለዳ አራተኛው ኩሬ ላይ ስደርስ ዓሣዎቹ ከላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ። የክንፋቸው ሥር ቀልቷል። አንዳንዱ ጎኑ ላይ የፍራንክ ያህል ቁስል ነበረው፣ አንዳንዱ ሆዱ ተነፍቷል። በዚያ ቀን ብቻ 23 ሞተው አወጣን።

ደወልን። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበር። ከሰዓት መልሶ ደወለና እንዲህ አለን፦ "ኦክሲ ግዙና ከመኖው ጋር ለውሱ።" ኦክሲቴትራሳይክሊን ማለቱ ነው፣ ለከብትም ለዶሮም የሚሰጠው ቢጫ ዱቄት። አንድ ዓሣ እንኳ ሳያይ። ውኃው ስንት ዲግሪ ነው፣ ኦክስጅኑ እንዴት ነው፣ ስንት ዓሣ አንድ ላይ አጭቃችኋል ብሎ ሳይጠይቅ። መጠኑን እንኳ የነገረን የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ነው፣ እሱም ለዶሮ የሚሆነውን ቀንሶ በግምት።

ሰጠን። ምን እናድርግ? ደግሞ ዓሣው ሲሻለው ሌላ ጣጣ መጣ። ከእኛ ዓሣ የሚገዙ፣ ከተማ ውስጥ ዓሣ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ አሉ። መረቡን ስናወጣ አዩና "መድኃኒት በልቷል?" አሉ። በልቷል አልናቸው። "ስንት ቀን ሆነው? ሲበላ ምንም አይል?" ዝም አልን። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ ሥጋው እስኪጠራ መቆየት እንዳለበት ለከብት እናውቃለን። ለዓሣ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ያውም በታኅሣሥ ብርድ፣ የነገረን የለም። እትዬ ዓሣውን ሳይገዙ ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ኩሬዎቻችን ደግሞ ክረምት ሲመጣ ሞልተው ይፈስሳሉ። የሚፈስሱት በቦይ ወደ ጣና ነው። በጣና ዳር ስንት ሰው ከሐይቁ ቀድቶ እንደሚጠጣ ለእናንተ አንነግርም። ባክቴሪያ መድኃኒት ሲለምድ መድኃኒቱ ለሰውም አይሠራም፤ የአውሮፓ ኅብረት እንስሳ እንዲወፍር ተብሎ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር መስጠትን ከ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ሌላ መንገድ መፈለግ የጀመርነው። ከመሐላችን አንዷ የዕፅዋት ተማሪ ነበረች፣ እሷ ናት የመራችን። ሀሳቡ አዲስ አይደለም። የእኛኑ ዓሣ፣ የዓባይን ቆሮሶ፣ ከአፍሪካ አንደኛ ሆና በኩሬ የምታረባው ግብፅ ናት። የግብፅ ተመራማሪዎች ነጭ ሽንኩርትንና ጥቁር አዝሙድን በዓሣ መኖ ውስጥ ጨምረው፣ ዓሣው በሽታን እንዴት እንደሚቋቋም ደጋግመው ፈትነዋል። ያንን የመሰለ የቁስል በሽታ በሚያመጣ ባክቴሪያ ጭምር። ውኃው ከእኛ ሄዶ እዚያ ይጠናል፣ እኛ ደግሞ በስልክ ኦክሲ ይታዘዝልናል።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። በአንድ ኪሎ መኖ 20 ግራም ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርቱን ቀጥቅጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ያ የሚሸተው፣ ተህዋስ የሚያዳክመው አሊሲን የሚባለው ነገር ሲቀጠቀጥ ነው የሚፈጠረው። ትኩስ አጥሚት ውስጥ ከከተታችሁት ይጠፋል። ስለዚህ ሊጡ ሲበርድ ነው የምንጨምረው፣ ፀሐይም አናሳየውም። ጥቁር አዝሙድ ፈጭተን በኪሎ 10 ግራም። ሺፈራው ቅጠል ደርቆ፣ ተፈጭቶ። እጃችሁን ብታሸቱት ወጥ የሠራችሁ ይመስላችኋል። ጎረቤቶቻችን "ለዓሣ በርበሬ ጀመራችሁ" እያሉ ይስቁብናል፣ እኛም እንስቃለን።

ሁለት ኩሬ ለየን። በአንዱ ይህን ጨመርን፣ በሌላው ተራውን መኖ ሰጠን። የተጨመረበት ኩሬ ዓሣ ከጥር እስከ መጋቢት ቁስል አልታየበትም። ሌላው ላይ ጥቂት ታየ። ነጭ ሽንኩርት አዳነው አንልም። ሁለት ኩሬ ማወዳደር ጥናት እንደማይባል እናውቃለን። በዚያው ወቅት ከሁለቱም ኩሬ ዓሣ ቀንሰናል፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ጀምረናል፤ ከዚያም ሊሆን ይችላል። ሺፈራውም ሲበዛ አይሆንም፤ ልባችን ሞልቶ በደንብ ጨምረን ዓሣው መብላት አቆመ፣ ውኃው አረንጓዴ ሾርባ ሆነ፣ ቀነስነው። እኛ የምንለው፦ ይህ ነገር መፈተን አለበት፣ እናንተም ቆማችሁ ማየት አለባችሁ ነው። እናንተ ግን ያያችሁት ፈቃዱን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንደብቃችሁ አንፈልግም፣ ጠላት ከሚነግራችሁ እኛው እንናገር። ባለፈው ሐምሌ ፋጉሎ ረጠበብን። ጆንያውን መሬት ላይ አስቀምጠን ነበር፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሲከፈት ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። "ፀሐይ ብናሰጣው ይለቃል" ተባባልን። አሰጣነው፣ ሻጋታው ከላይ ተራገፈ፣ አበላነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓሣው መሞት ጀመረ። አንዱን ከፍተን ስናየው ጉበቱ ነጣ ብሎ እንደ ቅቤ ሆኗል። የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን የሚሉት፣ በፀሐይ እንደማይጠፋ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ የተገኘው መርዝ ከላሞቹ የኑግ ፋጉሎ ጋር መያያዙን ሰምተን ነበር፣ ግን የሌላ ሰው ነገር መስሎን ነበር። አሁን ጆንያው እንጨት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የሸተተም አይገባም።

ይህን የነገርናችሁ "ቁጥጥር አያስፈልግም ይላሉ" እንዳንባል ነው። ያስፈልጋል! መጥታችሁ ፋጉሎውን ብትመረምሩ፣ ሻጋታ አለበት ብላችሁ ብታሽጉ፣ እጅ እንነሣ ነበር። ያሸገው ሰው ግን ጆንያ አልከፈተም። አላሸተተም። "ፈቃድ አለ?" አለ፣ "የለም" አልን፣ አሸገ።

ፈቃዱን ለማውጣት ያልሞከርን እንዳይመስላችሁ። ሄደናል። የተሰጠን ቅጽ ለመኖ ማቀነባበሪያ ድርጅት የሚሞላ ነው፦ የላብራቶሪ ክፍል፣ የኬሚስት ባለሙያ፣ የመጋዘን ስፋት። ለአሥራ አንድ ሰው የሥጋ መፍጫ ኬሚስት ቅጠሩ ነው የምትሉን። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መኖሩን እናውቃለን። ግን እኛ መኖ አንሸጥም። ለገዛ ዓሣችን ነው የምናበስለው። ለገዛ ዓሣው መኖ ያቀላቀለ አርሶ አደር ይታሸጋል የሚለው የትኛው አንቀጽ ነው? ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ጎረቤታችን ለበሬዎቹ ፋጉሎና አተላ ቀላቅሎ ያበላል፣ ማንም አላሸገበትም።

ብድሩም ሌላ ራስ ምታት ነው። የመኖ ብድር የተፈቀደልን ከአንድ አቅራቢ እንድንገዛ ነው። በዚያ ብድር ኑግ መግዛት አይቻልም፣ አኩሪ አተር መግዛት አይቻልም። ያ አቅራቢ ባለፈው የላከልን ጆንያ ደግሞ የምርት ቀኑ የተፋቀ ነበር። ፎቶው አለን።

ስለ እምቦጭም አንድ ቃል። አንድ ስብሰባ ላይ "እምቦጩን ለዓሣ አብሉት፣ ሐይቁም ይጸዳል፣ እናንተም ትጠቀማላችሁ" ተባልን፣ ተጨበጨበ። ሞክረናል። በሁለት ጋሪ ያመጣነው ሲደርቅ ለአንድ ጆንያ እንኳ አልሞላም፤ ከመቶ ከ90 በላዩ ውኃ ነው። ደግሞም ከሚበቅልበት ውኃ ውስጥ ያለውን ብክለት የሚመጥጥ ተክል ነው፣ ሳይመረመር ሰው ለሚበላው ዓሣ መስጠት አይሆንም። ጭብጨባውን ግን እናስታውሳለን።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ቤቷ ትከፈትልን። የማትከፈት ከሆነ አንቀጹን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ንገሩን፣ እኛም ይግባኝ የምንልበትን እንወቅ።

ለራሱ ዓሣ ብቻ ለሚያቀላቅል ትንሽ አርቢ የሚሆን ቀለል ያለ የምዝገባ ወረቀት ይዘጋጅ። ንጽሕና፣ ደረቅ ማስቀመጫ፣ የጥሬ ዕቃ መዝገብ። ይህን እንሞላለን፣ ስትመጡም እናሳያለን።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ የመኖአችን ናሙና ለፕሮቲንና ለሻጋታ መርዝ ይመርመርልን። ከተማችን የዓሣ ምርምር ማዕከልም ዩኒቨርሲቲም ያላት ናት። ናሙናውን በእግራችን ተሸክመን እናመጣለን።

አንቲባዮቲክ በስልክ ማዘዝ ይቁም። ኩሬውን ያላየ ባለሙያ መድኃኒት አይዘዝ። ካዘዘም መጠኑንና ዓሣው ከመሸጡ በፊት የሚቆይበትን ቀን ጽፎ ይስጠን።

የመኖ ብድሩ በአካባቢ ለሚገዛ ጥሬ ዕቃም ይሁን።

ሙከራውን ደግሞ እኛ እናቀርባለን። ስድስቱንም ኩሬ እንሰጣለን፤ ሦስቱ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የተጨመረበት፣ ሦስቱ ያልተጨመረበት፣ ጫጩቱና የውኃው አያያዝ አንድ ዓይነት። መመዘኑንም መቁጠሩንም እኛ እንሠራለን። ከእናንተ የምንፈልገው በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣ አንድ ባለሙያ ነው፣ የቤንዚኑን እኛ እንችላለን። ውጤቱ "ምንም ለውጥ የለውም" ቢሆንም እንቀበላለን፣ ሽንኩርቱን ለወጥ እናውለዋለን።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ፣ ይሄኛው አስቸኳይ ነው። አሁን ግንቦት ነው። በታሸገችው ቤት ውስጥ ሰባት ጆንያ ፋጉሎ አለ። የቆርቆሮው ጣሪያ በምሥራቅ በኩል ያፈስሳል፣ ልንጠግነው ስንል ነው የታሸገው። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ይደርስበታል፣ የሻገተውንም እናንተም እኛም አንፈልገውም። ሌላውን ጥያቄ ለማየት ጊዜ ካስፈለጋችሁ እንኳ፣ ሰው ልካችሁ ለአንድ ቀን ክፈቱትና ጆንያዎቹን በደረቅ ቦታ እናስቀምጥ።

ከአክብሮት ጋር፣

የኩሬ ዓሣ አርቢ ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ
ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ